ድረሱልኝ እና ድረሱላቸው፦ ለነፍስ አድን ቡድኖች የሚሆን ዝግ የአደጋ ጥሪ በሞባይል መገናኛ

(ከዚህ በታች የቀረበው በፋኩልቲው ሕዝባዊ የገለጻ መርሐ ግብር በቃል የተሰጠ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



ርእሳችን የሞባይል ስልክ ነው። ከስልኩ አስቀድሜ ግን ሁለት የቆዩ ቃላትን ላንሣ። አንደኛው አዋጅ ነው። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ የሚነገረውም ለሁሉም ነው። ማንም በስሙ አልተጠራም፤ ከማንም መልስ አይጠበቅም። ሁለተኛው የድረሱልኝ ጥሪ ነው። ይህ የሚጮኸው መድረስ ለሚችለው ሰው ነው። ጠሪው «ሰምተናል» በመባል አይረካም፤ የሚጠብቀው የእግር ኮቴ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ዕቃ ውስጥ፣ በኪሳችን በያዝነው ስልክ ውስጥ፣ ስለገቡ አንድ ነገር የሆኑ ይመስለናል። አይደሉም። የሚሄዱበት መንገድ ይለያያል፤ የሚበላሹበት ምክንያትም ይለያያል።

በአገራችን ስለ አደጋ ጊዜ መገናኛ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ ወደ አዋጁ ያደላል፤ ሕዝቡን እንዴት እናስጠንቅቅ ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ሁለተኛው ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ የአምቡላንስ ሹፌሩ፣ የትራፊክ ፖሊሱ፣ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ፣ የቀበሌው በጎ ፈቃደኛ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት፣ ሌላው የማይሰማው ጥሪ ማለቴ ነው። ዝግ ጥሪ እለዋለሁ። አንድ አውራ ጎዳና፣ ጥቂት የሞባይል ማማዎችና ብዙ ዓይነት አደጋ ባለበት አካባቢ ከአዋጁ አስቀድሞ መስተካከል ያለበት ይህ ዝግ ጥሪ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚጠይቀውም ወጪ ብዙዎቻችን ከምናስበው ያነሰ ነው።

ለማስረጃ ካራቆሬን እንውሰድ። ካራቆሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ፣ የኢትዮጵያ ደጋ ወደ አፋር ዝቅታ በሚሰበርበት ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የመሬት ነውጥ አጥኚዎች በዓለም ዙሪያ ስሟን ያውቁታል። ምክንያቱ የ1953 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከግንቦት ወር ጀምሮ አካባቢው ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ የዋናው ነውጥ ልክ ከ6 በላይ ነበር፤ ተከታታዮቹም ለወራት ቆዩ። ጎረቤቷ ማጀቴ ፈራረሰች፤ በካራቆሬ ብዙ ቤቶች ወደቁ፤ አውራ ጎዳናው ተሰነጣጠቀ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዌን ክስተቱን አጥንተው፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት ነውጥ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል።

በዚያን ጊዜ ሞባይል አልነበረም፤ ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ያውም መጀመሪያ ለአዲስ አበባ ብቻ። ስለዚህ የ1953ቱን ትውልድ በመገናኛ ጉድለት አንወቅሰውም። ጥያቄው ስለ እኛ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ዙሪያ መሬት ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ሲነሡ፣ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ አይተናል። ያ ሁሉ የሆነበት ስምጥ ሸለቆ ከይፋት ቆላ ሩቅ አይደለም። እንግዲያው የ1953ቱ ነውጥ ዛሬ ሌሊት ካራቆሬ ላይ ቢደገም ስልካችን ምን ይሆናል?

መልሱን ለማወቅ ስልክ እንዴት እንደሚደወል በአጭሩ ማየት ያሻል። ቁጥር መትተን ስንደውል ስልኩ በቀጥታ ሰውዬውን አያገኝም። መጀመሪያ በቅርብ ያለውን ማማ «መስመር ስጠኝ» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የሚያልፍበት በር ለሁሉም አንድ ነው፤ ጠባብም ነው። ሁለት ስልኮች በአንድ ቅጽበት አንድ ዓይነት ጥያቄ ካቀረቡ ጥያቄዎቹ ይጋጫሉ፤ ማማው አንዱንም በትክክል ላይሰማ ይችላል። ሁለቱም ጥቂት ቆይተው እንደገና ይሞክራሉ። በተራ ቀን ይህ የሚፈጀው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ስለሆነ አይታወቀንም። መሬት በተንቀጠቀጠች ደቂቃ ግን በከተማዋ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ልጁ፣ ወደ እናቱ፣ ወደ ወንድሙ ይደውላል፤ አዲስ አበባ፣ ጅዳና ዋሽንግተን ያለው ዘመድም ወደ እሱ ይደውላል። ግጭቱ ግጭትን ይወልዳል፤ ሙከራው ሙከራን ያበዛል። ማማው ቆሞ፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ ሁሉም ነገር ደኅና ሆኖ ሳለ ማንም ማንንም ማግኘት አይችልም። «ኔትወርክ የለም» የምንለው ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ ኖሮ በሩ ላይ የተረጋገጠ ሰው ስለበዛ ነው።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ የአምቡላንስ ሹፌሩም ቆሟል። ስልኩ ከሌላው ስልክ የሚለይበት ምንም ምልክት የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ነገር ልግለጽ። በእያንዳንዳችን ሲም ካርድ ላይ ከጂ ኤስ ኤም ዘመን ጀምሮ የተጻፈ አንድ የመደብ ቁጥር አለ። ተራው ደንበኛ ከ0 እስከ 9 ካሉት ከአንዱ ይመደባል፤ ምደባው በዕጣ መልክ እንጂ በማዕረግ አይደለም። ከዚያ በላይ ግን ልዩ መደቦች አሉ። 12 ለጸጥታ አገልግሎት፣ 13 እንደ ውኃ ላሉ የሕዝብ አገልግሎት ድርጅቶች፣ 14 ለአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎት፣ 11 እና 15 ለራሱ ለኔትወርኩ ባለቤት ሥራ የተያዙ ናቸው። መጨናነቅ ሲመጣ ኦፕሬተሩ በአንድ ማማ ዙሪያ ያሉትን ከ0 እስከ 9 ያሉ መደቦች በከፊል ወይም በሙሉ ለጊዜው ማገድ ይችላል። መደብ 14 ያለው ሲም ግን በሩን ያልፋል። ይህ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ፣ ለአሠርት ዓመታት የቆየ አሠራር ነው። አዲስ ማማ አይጠይቅም፤ አዲስ ስልክም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዝርዝር ነው፦ በዚህ ወረዳ ውስጥ መደብ 14 የሚገባቸው እነማን ናቸው? ስማቸው፣ ቁጥራቸው፣ ተተኪያቸው?

ዝርዝሩን ማዘጋጀት ከቴክኒኩ ይበልጥ እንደሚከብድ ለንደን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 2005 በባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ ቦምብ ፈንድቶ የከተማዋ ስልክ ሲጨናነቅ፣ ፖሊስ አልድጌት በተባለው አካባቢ አንዱ ኦፕሬተር አገልግሎቱን ለተመዘገቡ ስልኮች ብቻ እንዲያደርግ አዘዘ። እገዳው ለሰዓታት ቆየ። በኋላ የለንደን ምክር ቤት ባደረገው ምርመራ ውሳኔው ራሱ ተተችቷል፤ የአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎቶች በተራ ሞባይል ላይ ከልክ በላይ መተማመናቸውም እንዲሁ። እንዲህ ያለው በር የሚጠቅመው ሊያልፉ የሚገባቸው ሰዎች ስልካቸው አስቀድሞ ከተመዘገበ ብቻ ነው። በሩን ዘግቶ የሐኪሙን ስልክ ውጭ ማስቀረት ከመጨናነቁ የባሰ ነው።

በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ነገሩ ረቀቅ ብሏል። እያንዳንዱ ግንኙነት ከ1 እስከ 15 የቅድሚያ ደረጃ ይሰጠዋል። ማማው ሲሞላ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ዝቅተኛውን አስነሥቶ ቦታውን ሊወስድ ይችላል። ይህ ማለት አንድ ሰው ከእናቱ ጋር እየተነጋገረ ሳለ መስመሩ ተቆርጦ ለእሳት አደጋ ሠራተኛው ይሰጣል ማለት ነው። ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ በኦፕሬተሩ ፈቃድ ብቻ መተውም የለበትም። እንዲህ ያለው መብት በመመሪያ መወሰን አለበት የምለው ለዚህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይህን ለማድረግ የሚገባው ተቋም ይመስለኛል። ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን አይደለም፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ጀምሯል። የአንዱ ኦፕሬተር ዝርዝር በሌላው ካልታወቀ የቡድኑ ግማሽ በር ላይ ይቀራል።

ስለ አዋጁ ጥቂት ብዬ ልለፍ። ሴል ብሮድካስት የሚባለው ዘዴ ከአንድ ማማ ሥር ላሉ ስልኮች ሁሉ አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ይረጫል። የማንንም ቁጥር ማወቅ አያስፈልገውም፤ እንደ ሬዲዮ ስርጭት ስለሆነ በመጨናነቅ አይታነቅም። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የመሬት ነውጥ ማስጠንቀቂያ ትልክበታለች። የአውሮፓ ኅብረትም አባል አገሮቹ እስከ 2022 አጋማሽ ሕዝብን በሞባይል የማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲኖራቸው ደንግጓል። ለእኛም ይገባናል፤ ቢመጣ ደስ ይለኛል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ በየጥሪው መጀመሪያ ላይ የሰማነውን የጥንቃቄ መልእክት የማያስታውስ የለም፤ አዋጅ በስልክ ሊነገር እንደሚችል ያን ጊዜ ሁላችንም አውቀናል። ነገር ግን አዋጅ ቃሬዛ አይሸከምም። «ወደ ሜዳ ውጡ» የሚለው መልእክት ለሁሉም ከደረሰ በኋላ ከፍርስራሽ ሥር ያለውን ሰው የሚያወጣው ቡድን ማን እንደሚጠራውና ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው በሌላ መንገድ ነው።

ያ ሌላ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2016 መልክ ይዟል። የሞባይል ኔትወርክ ደረጃዎችን የሚያወጣው ስሪ ጂ ፒ ፒ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት በ13ኛው እትሙ ለነፍስ አድንና ለጸጥታ ቡድኖች የሚሆን የመገናኛ ሥርዓት ደነገገ። በአጭሩ፣ የእጅ ሬዲዮ ሥራን በ4ጂ ስልክ ላይ የሚያስገባ ነው፤ ቁልፉን ተጭነህ ትናገራለህ፣ ቡድንህ በሙሉ ይሰማሃል። ቁልፉን ተጭኖ የመናገር ፈቃድ እስኪገኝ ያለው ጊዜ ከመቶ 95 ጊዜ ከ300 ሚሊ ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ ከሰከንድ ሲሶ በታች መሆኑ ነው። ተራ የስልክ ጥሪ እስኪጠራ የምንጠብቀውን አስታውሱና አነጻጽሩት።

ከዚህ ደንብ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ፍጥነቱ አይደለም፤ ለአደጋ ጥሪ የሰጠው ፍቺ ነው። ደንቡ ሁለት ዓይነት ጥሪ ይለያል። አንደኛው ጠሪው ራሱ ለሕይወት በሚያሰጋ አደጋ ውስጥ ሲሆን ነው፤ ሁለተኛው ጠሪው ደኅና ሆኖ ሌሎች ሊጎዱ መሆኑን በዓይኑ ሲያይ ነው። ደንቡን ያረቀቁት መሐንዲሶች አማርኛ አያውቁም፤ የእኛ ቋንቋ ግን ሁለቱን ለመለየት ቃል አላጣም፤ አንዱ ድረሱልኝ ነው፣ ሌላው ድረሱላቸው። ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም። ድረሱልኝ ያለ የቡድን አባል ራሱ ተረጂ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ትእዛዝ ሊቀበል አይችልም፤ ሌላ ሰው ይተካው ዘንድ ያስፈልጋል። ድረሱላቸው ያለው ግን ዓይንና ጆሮ ሆኖ ቆሟል፤ ሊጠየቅ፣ ሊታዘዝ፣ መንገድ ሊያሳይ ይችላል። ኔትወርኩ ለመጀመሪያው የላቀውን ቅድሚያ ይሰጣል፤ ለሁለተኛው ቀጥሎ ያለውን።

አሠራሩን በካራቆሬ ላይ እናስቀምጠው። አንዲት በጎ ፈቃደኛ በፈረሰ ቤት አጠገብ ቆማ የአደጋ ቁልፏን ትጫናለች። ስልኳ ማንነቷንና ያለችበትን ቦታ ለቡድኗ ብቻ ይልካል። ድምፅ ማሰማት አይጠበቅባትም፤ አንዳንድ ጊዜ ዝምታው ራሱ ደኅንነት ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ስልኳ «በአደጋ ላይ» በሚባል ሁኔታ ውስጥ ይገባል፤ የምታደርገው ጥሪ ሁሉ ቅድሚያ ይኖረዋል። ሁኔታው የሚያበቃው እሷ ራሷ ወይም ሥልጣን የተሰጠው አስተባባሪ ሲሰርዘው ነው። ከቡድኑ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰው ጋር፣ ለምሳሌ ከሐኪሙ ጋር ብቻ፣ መነጋገር ከፈለገችም የሁለት ሰው ዝግ የአደጋ ጥሪ አለ፤ በዚያ ሰዓት ሐኪሙ ሌላ ጥሪ ላይ ቢሆንም ሊደርሰው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በጎ ጎኑ ጎልቶ የሚታየው ሰው ወደ አደጋው ሲጠራ ብቻ አይደለም። ከአደጋው ሲመለስም ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ መሬት ተንዶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤት የድረሱልኝ ጥሪ ሰምቶ በእጁና በዶማው ለመቆፈር ወጣ፤ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሄዱ። ሁለተኛ ናዳ መጣና እነሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለቀሩት መጽናናትን እመኛለሁ። አንድ መሣሪያ ይህን ባስቀረ ነበር ብዬ አልናገርም፤ የሞቱትን ለክርክር ማስረጃ ማድረግ አይገባም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ቁፋሮ ሲጀመር ቀና ብሎ ተራራውን የሚያይ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው «ተመለሱ» ቢል በታች ያሉት ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ የሚሰሙበት መንገድም ያስፈልጋል። ጩኸት በቁፋሮው ሁካታ ውስጥ አይሰማም።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በኒው ዮርክ የሆነውን ላስታውስ። የመጀመሪያው ሕንፃ ከፈረሰ 29 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው ፈረሰ። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ በሁለተኛው ሕንፃ ለነበሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የውጡ ትእዛዝ ተላልፎ ነበር፤ ብዙዎቹ ጋ ግን አልደረሰም። ሬዲዮው በረጃጅም ፎቆች ውስጥ በቅጡ አይሠራም ነበር፤ መስመሩም ተጨናንቆ ነበር። በሄሊኮፕተር ላይ የነበሩ ፖሊሶች የሕንፃውን አዝማሚያ አይተው በራሳቸው ሬዲዮ ተናግረዋል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ግን ያንን ሬዲዮ አይሰሙትም። በዚያ ቀን 343 የኒው ዮርክ እሳት አደጋ ባልደረቦች ሞቱ። አሜሪካ ለነፍስ አድን ቡድኖች የተለየ የሞባይል ኔትወርክ እንዲሠራ በሕግ ያዘዘችው እ.ኤ.አ. በ2012፣ ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ደቡብ ኮሪያም እ.ኤ.አ. በ2014 ሰዎል የተባለችው መርከብ ሰጥማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ተማሪዎች፣ ካለቁ በኋላ የራሷን የነፍስ አድን ኔትወርክ መሥራት ጀመረች፤ በ2021 አጠናቀቀች። ሁለቱም የተነሡት ከለቅሶ በኋላ ነው።

እኛ አሁን በምን እንጠራራለን? በቴሌግራም ቡድን። በየወረዳው የጤና ሠራተኛው፣ የአደጋ መከላከል ባለሙያው፣ ሚሊሻው ሁሉ ቡድን አለው። በሰላሙ ቀን ፎቶ ለመላክና ሪፖርት ለማሰባሰብ ጥሩ ነው። ነገር ግን በውስጡ የበዓል ምኞት፣ የስብሰባ ጥሪና የሐዘን መግለጫ ተደበላልቆ ስለሚገባ ሰው ድምፁን ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ትልቁ ችግር ግን ይህ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። የመቋረጡን ምክንያት መመርመር የዛሬው ርእሴ አይደለም፤ ውጤቱን ግን እንደ መሐንዲስ መናገር አለብኝ። ኢንተርኔት ሲዘጋ በኢንተርኔት ላይ የተሠራ የአደጋ ጥሪ ሁሉ አብሮ ይዘጋል፤ አምቡላንሱና ወሬኛው እኩል ይዘጋባቸዋል። የነፍስ አድን መስመር ከሌላው አገልግሎት ተለይቶ እንዲቀጥል ማድረግ በቴክኒክ ይቻላል፤ ቅድም ያልኩት ዝርዝር ለዚህም ያገለግላል።

ከዚያ በፊትም ሕዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ በዚህ ቆላ ስልክ ራሱ ተቋርጦ ነበር። ማማ የሌለበትን ቀን ሳያስቡ ዕቅድ ማውጣት ለይፋት አይሆንም። ደረጃው ስልክ ከስልክ ያለ ማማ በቀጥታ የሚገናኝበትን ዘዴ ቢደነግግም ገበያ ላይ የምናገኛቸው ስልኮች ይህን አይችሉም። ስለዚህ የእጅ ሬዲዮ ቦታውን አልለቀቀም። ከደብረ ሲና በላይ ካሉት ሸንተረሮች በአንዱ ላይ የሚቀመጥ የሬዲዮ ማሳለፊያ ጣቢያ ወደ ቆላው ሰፊ እይታ አለው፤ ከገደል ሥር ያሉ ቀበሌዎች ግን በጥላ ውስጥ ይቀራሉ፤ ለእነሱ ሁለተኛ ማሳለፊያ ያሻል። ይህ ከሒሳብ ይልቅ በእግር ተዘዋውሮ፣ ሬዲዮ ይዞ የሚለካ ነገር ነው። ለተማሪዎቻችን ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይሆናል፤ የሚፈልግ ካለ ያነጋግረኝ።

አሁን ከነውጥ ወደ ጎርፍ ልሻገር፤ ለዚህ አካባቢ በየክረምቱ የሚመጣው እሱ ነውና። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1300 ሜትር ገደማ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፤ ጎርፉ የሚወጣው ቆላው ላይ፤ አንዳንዴም ፀሐይ እየወጣ ሳለ። እንደ ሮቢ ያሉ ወደ አዋሽ የሚወርዱ ወንዞች ሲሞሉ በድልድዩ፣ በመስኖ እርሻው፣ በከብት መንጋው ላይ ያሉ ሰዎች ላይ ደመና አይታያቸውም። የሚያየው ከላይ ያለው ገበሬ ነው። እሱ ደኅና ነው፤ የታች ሰዎች ግን ሊወሰዱ ነው። የድረሱላቸው ጥሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለውም። የመሬት ነውጥ የሚሰጠን ጊዜ የለም ማለት ይቻላል፤ ጎርፍ ግን ይሰጣል፣ መልእክቱ ቀድሞ ከወረደ።

እዚህ ላይ ርካሹ ዘዴ ይሠራል። ሚስኮልን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሳይነሣ የተዘጋ ጥሪ አስቀድመው ለተስማሙ ሰዎች ሙሉ መልእክት ነው፤ ሒሳብም አይቆርጥም። ከዚያ በላይ አጭር የጽሑፍ መልእክት አለ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል፤ በፊደላችን ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። የአማርኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚይዝ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። «ሮቢ ሞልቷል። ከድልድዩ ራቁ። ሰዎችን አውጡ። መልስ ላኩ።» የሚለው ክፍተቱን ጨምሮ ከ40 ሆሄ በታች ነው። በሰንበቴና በከሚሴ በኩል ለሚኖሩት ይኸው በኦሮምኛ አስቀድሞ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። በአደጋ ሰዓት የሚተረጎም መልእክት ስሕተት አያጣውም።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ልብ በሉልኝ፤ «መልስ ላኩ» ይላሉ። ዝግ ጥሪ ከአዋጅ የሚለየው በዚህ ነው። አስተባባሪው 12 ሰዎች ጠርቶ 7ቱ «ደርሶኛል» ካሉ፣ ያልመለሱትን 5 በስም ያውቃቸዋል፤ ወደ ተተኪዎቻቸው ይደውላል። መልእክቱ መላኩ ሳይሆን ማን እንዳልሰማው መታወቁ ነው ሥራውን የሚያሠራው። ይህ በወረቀት ዝርዝርና በእርሳስም ይሆናል።

ስለ ምሥጢራዊነቱ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ገለጻዬ ጎዶሎ ይሆናል። ዝግ የሆነ ቡድን ጥርጣሬን ይጠራል። ይህ አካባቢ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ያየ ነው፤ ሰው በስልክ ማን ማንን እንደሚያነጋግር ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ እንደ ጠቋሚ የሚታይበት ቀን የነፍስ አድን ሥራ የሚቆምበት ቀን ነው። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን አጥብቄ እመክራለሁ። የነፍስ አድን ዝርዝርና የጸጥታ ዝርዝር ተለይተው ይያዙ፤ መደብ 12 እና መደብ 14 የተለያዩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአባላቱ ስልክ ያሉበትን ቦታ የሚናገረውም የአደጋ ቁልፉ ሲጫን ብቻ ይሁን፤ ጥሪው ሲሰረዝ ያም ይቁም። ቀኑን ሙሉ የሚከታተል ሥርዓት በቴክኒክ ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው በጽሑፍ መከልከል ያለበት። በሌላ በኩል የቡድኑ መኖር ራሱ ምሥጢር መሆን የለበትም። ማን አባል እንደሆነ የቀበሌው ሕዝብ ይወቅ፤ ሽማግሌዎችና የእምነት አባቶችም ይወቁ። የሚዘጋው ጥሪው እንጂ ቡድኑ አይደለም።

በአዲስ አበባ ለእሳት 939፣ ለፖሊስ 991 ብለን እንደውላለን፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እነዚህ ሕዝቡ ወደ ተቋም የሚደውልባቸው ናቸው። ጥሪው ከደረሰ በኋላ ከተቋም ወደ ቡድን፣ ከቡድን ወደ ቡድን የሚሄደው መንገድ ነው እስካሁን ስም ያልወጣለት። አገሪቱ እንደ ኮሪያ የራሱ ማማ ያለው የነፍስ አድን ኔትወርክ በቅርቡ ትሠራለች ብዬ አልጠብቅም፤ አሁን ባለንበት አቅም ትሥራ ብዬም አልመክርም። ባሉት ሁለት ኦፕሬተሮች ላይ ቅድሚያ ማግኘት፣ ከሥሩ የእጅ ሬዲዮ ማኖር፣ ከሁለቱም በፊት ዝርዝሩን ማዘጋጀት ይቀድማል።

ለወረዳ ባለሙያዎች በተግባር ልናገር። ዝርዝሩን ስታዘጋጁ በሥራ መደብ አትጀምሩ፤ በሌሊቱ 8 ሰዓት ማን ካራቆሬ ውስጥ ያድራል ከሚለው ጀምሩ። ኃላፊው ደብረ ብርሃን የሚያድር ከሆነ ስሙ ሁለተኛ ይሁን። የማማው ባትሪ መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ኦፕሬተሩን በደብዳቤ ጠይቁ፤ መልሱን ከዝርዝሩ ጋር አያይዙ። ከዚያም በወር አንድ ሌሊት፣ ቀኑ ሳይነገር፣ «ይህ ልምምድ ነው» የሚል ጥሪ ላኩና ስንቱ በስንት ደቂቃ እንደመለሰ ጻፉ። የመጀመሪያው ወር ውጤት የሚያስደስት አይሆንም፤ ጻፉት።

 ጊዜ ስላለን ከወረዳ የመጡት እንግዶች ጥያቄ ቢያስቀድሙ እመርጣለሁ።